ደም ያላየው የሃቫር ሰይፍ

አባ በርንዋርድ የፈጣሪን ስም በብራናው ራስ ላይ ጽፈዋል፤ መልካም አደረጉ። ከዚህ በታች ያለው ቃል ግን የእኔ ነው።

እኔ የስካርዲ ልጅ ኢንግቮር፣ የባላባቱ የሃቫር ሚስት የነበርኩ፣ ዓሣው ከሰርጣችን በራቀ በሁለተኛው ዓመት፣ በቅዱስ ዮሐንስ በዓል ዋዜማ፣ በገዛ ቤቴ በገዛ አልጋዬ ላይ ሆኜ ይህን እናዘዛለሁ። እግሬ አብጧል፤ ትንፋሼ አጥሯል፤ አእምሮዬ ግን ሙሉ ነው። ማስረጃ የሚሻ ቢኖር፣ ባለፈው እሑድ ዓይኔን ጨፍኜ ሳለሁ ታላቁ ልጄ ኦርም አልጋዬን በክንዱ ሲለካ፣ ታናሹ ኤይቪንድም «ቀስ በል፣ ትሰማለች» ሲለው መስማቴን ይወቅ። ሰምቻለሁ። አልጋው ለኦርም አይደርሰውም።

በፊቴ በምስክርነት የቀረቡት ሁለት ናቸው። አንደኛው ከወንዙ ማዶ ያለው ርስት ባለቤት ብሮዲ ነው። ሁለተኛው ብረት ቀጥቃጩ ቬስታር ሲሆን፣ ዕድሜ ልኩን መዶሻ ሲያሰማ ኖሮ ጆሮው ስለ ደነቆረ፣ ያልሰማውን ሁሉ በእርግጠኝነት ይመሰክራል። ጸሐፊው አባ በርንዋርድ የተባለውን ሁሉ ሳያስቀሩ እንዲጽፉ ለምኛቸዋለሁ።

«ሁሉንም?» አሉኝ።

«ሁሉንም።»

«ስድቡንም ጭምር?»

«በተለይ ስድቡን።»

ለሴት ልጄ ለአሎፍ የሽመና ዕቃዬንና ሰማያዊውን ካባዬን ሰጥቻለሁ። ያለ ጠብ ያደገችልኝ እርሷ ብቻ ነች፤ ጠቡን ለባሏ አስቀምጣለት እንደ ነበር የገባኝ ኋላ ነው። ደግ አደረገች፤ ባሏ ይገባዋል።

ለቤቴ አገልጋይ ለካድሊን ይህን አልጋ ከነፍራሹ፣ የጎተራውንም ቁልፍ ሰጥቻለሁ። ቤቱን ያስተዳደረችው እርሷ ነበረች፤ እኔ ቁልፉን ወገቤ ላይ አንጠልጥዬ ሳንቃጭል ኖሬአለሁ።

ለቤተ ክርስቲያን አንዲት የምትታለብ ላም ሰጥቻለሁ። አባ በርንዋርድ፣ በዕድሜ የልጄ እኩያ ቢሆኑም፣ «ልጄ፣ ለነፍስሽ ሁለት ይሻልሽ ነበር» ብለውኝ ነበር። ነፍሴ ብዙ ወተት አትጠጣም። አንዲቷ ትበቃለች።

የታችኛውን መስክና በጎቹን ለኤይቪንድ፣ ትልቁን ጀልባና የላይኛውን ግጦሽ ለኦርም ሰጥቻለሁ። ኤይቪንድ ከበግ በቀር የሚያዳምጠው ሰው የለውም፤ ኦርም ደግሞ አንድ ቦታ ከተቀመጠ ይታመማል። ይህን ስናገር ሁለቱም ትንፍሽ አላሉም። ዝም ያሉት ረክተው አይደለም፤ ወደ ሰይፉ እስክደርስ እየጠበቁ ነው።

ወደ ሰይፉ ደርሻለሁ።

አባታቸው በሞተ ጊዜ በአገራችን ወግ ሰይፉ አብሮት ሊቀበር ይገባ ነበር። ያን ቀን ግን ሁለቱ ልጆቼ በድንገት ከጳጳስ የበለጡ ክርስቲያኖች ሆኑ። ከዚያ በፊት ጾም መግባቱንም መውጣቱንም የማያውቀው ኦርም፣ «ሰይፍ ከሬሳ ጋር መቅበር የአረማውያን ሥራ ነው» ብሎ መቃብሩ አፋፍ ላይ ሰበከ። ኤይቪንድም «አሜን» አለ። አፈሩ ሳይደርቅ ግን ሰይፉ ለማን ይሁን የሚለው ተነሣ። ኦርም የወንድሙን ጥርስ አራገፈ፤ ኤይቪንድ መጥረቢያ ወረወረ፤ መጥረቢያው ስቶ የተዝካሩን የጠላ በርሜል በሳው። ለቀስተኛው ከልቡ ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ነው።

ከዚያ ወዲህ ኦርም በየወደቡ እየዞረ፣ አባቱ በዚያ ሰይፍ፣ ባለ ጠቦች በሰይፍ በሚለያዩባት ደሴት ላይ ሰው መግደሉን ያወራል። መጀመሪያ አንድ ሰው ነበር። ባለፈው መኸር ሰባት ደርሰዋል። ከሟቾቹ የመጀመሪያው ብሮዲ ነው፤ ይኸው አልጋዬ አጠገብ ተቀምጦ አጓት ይጠጣል።

«እኔ ስሞት ማን ነበር የቀበረኝ?» ብሎ ብሮዲ ኦርምን ጠየቀው።

«ጋሼ ብሮዲ፣ ወሬ ነው። ሰው ሲያወራ ትንሽ ይጨምራል።»

«ስድስት ሰው ጨምረህ ነው ትንሽ የምትለው?»

ስለዚህ ከመሞቴ በፊት የዚያን ሰይፍ ነገር እንደሆነው እናገራለሁ፤ አባ በርንዋርድም ይጽፋሉ።

ሃቫር መጥረቢያ የሚይዝ ሰው ነበር። በመጥረቢያው እንጨት ይፈልጥ ነበር፤ በመጥረቢያው አጥር ይሠራ ነበር፤ ወደ አገር ሸንጎ ሲሄድም ያንኑ አጥቦ ይዞ ይሄድ ነበር። አንድ በጋ ግን ብሮዲ ሸንጎ ላይ ከተገመደ ብረት የተሠራ ሰይፍ ታጥቆ መጣ። ባወጣው ጊዜ የብረቱ ፊት ላይ ውኃ የሚፈስ ይመስል ነበር። የብሮዲ ሚስት ራንቬይግ ወደ ባሌ መጥረቢያ አየችና፣ «ኢንግቮር እኅቴ፣ ማገዶ አልቆባችሁ ነው?» አለችኝ። ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ቤቴ እንደ ገባሁ ግን ለሃቫር፣ «ብረቱ ላይ እባብ የሚሳብ የሚመስል ሰይፍ እስክትታጠቅ ድረስ ከእጄ ጠላ አትቀምስም» አልኩት።

«ጣራው እያፈሰሰ ነው እኮ» አለኝ ምስኪኑ።

«ጣራውን ማንም ወደ ሸንጎ ይዞት አይሄድም።»

ቬስታርን ከሰርጡ ማዶ አስመጣነው። ያኔ ጆሮው ይሰማ ነበር፤ ኩራቱም እንደ ዛሬው ነበር። ክረምቱን ሙሉ ቤታችን በላ፤ ጫካችንንም ከሰል አድርጎ በላው። እኔ የልብስ ክር ይዤ የምድጃው ጥግ እየተቀመጥኩ ሥራውን አይ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ክሩን አልነካሁትም። ከረግረግ የወጣውን ለስላሳ ብረትና ከባሕር ማዶ የመጣውን ጠንካራ ብረት በስሱ በስሱ ደራርቦ በእሳት ያጣብቃል፤ ቀጥቅጦ ዘንግ ያደርገዋል፤ ዘንጉ ሲግል በጉጠት ይዞ እንደ ገመድ ይገምደዋል፤ አንዱን ወደ ቀኝ፣ አንዱን ወደ ግራ። ከዚያ የተገመዱትን ዘንጎች ጎን ለጎን አስተኝቶ፣ አሸዋ ነስንሶ፣ ብረቱ ማላብ ሲጀምር በመዶሻ አንድ አካል ያደርጋቸዋል።

ችግሩ ሃቫር ነበር። ሰይፍ አልፈልግም ያለው ሰው እሳቱን ካየ በኋላ ከምድጃው ቤት አልወጣ አለ።

«ቬስታር፣ እባብ ይኑርበት።»

«ይኖርበታል፣ ጌታዬ።»

በማግስቱ መጣ፤ «ሁለት እባብ ቢሆንስ?»

«ሁለትም ይሆናል።»

ደግሞ መጣ፤ «በእባቦቹ መካከል የተኩላ ጥርስ፣ ከጥርሱ በላይ ደግሞ የአባቴ ጀልባ...»

«ጌታዬ፣» አለ ቬስታር መዶሻውን አስቀምጦ፣ «ሰይፍ ነው የምሠራው፣ ወይስ የግድግዳ መጋረጃ?»

ሃቫር በጀልባው ተስፋ ቆረጠ፤ እንግዳ ማምጣት ግን አልተወም። ባላባት ደጁን ከፍቶ ሲገባ ቀጥቃጭ ተነሥቶ እጅ ይነሣል፤ ወጉ ነው። ቬስታር ዘንጎቹን ሊያጣብቅ ብረቱ ነጭ ሆኖ በወጣበት ቅጽበት ሃቫር አራት እንግዶች አስከትሎ ገባ። ቬስታር ቆመ፤ ለአንዱም ለሌላውም እጅ ነሣ፤ ቀና ሲል ብረቱ በርዷል። ቢመታውም የሰጠው ድምፅ እንደ ተሰነጠቀ ገንቦ ነበር። የወር ድካም በአንድ ሰላምታ ለሁለት ተከፈለ።

ቬስታር አልተሳደበም። ወናፉን እያሳየ፣ «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ደጅ የገባ ሁሉ፣ ባላባትም ይሁን እንግዳ፣ እኔ በቃ እስክል ድረስ ይህን ይነፋል» አለ። ከዚያ ወዲያ አንድም እንግዳ አልመጣም። ሃቫር ግን መጣ። ጭስ ጠግቦ፣ ፊቱ ጠቁሮ፣ እጁ ውኃ ቋጥሮ እስከ ጸደይ ወናፉን ነፋ። ካገባሁት ጀምሮ ወድጄው የማላውቀውን ያህል የወደድኩት በዚያ ክረምት ነው። ይህን ይጻፉት፣ አባ።

ሁለተኛው ብረት ሰመረ። ቬስታር በዙሪያው ጠንካራውን ብረት ለስለት ጠመጠመበት፤ መሐሉን እንደ ቦይ ሰርስሮ አቀለለው። ብረቱ እንዲጠና ግሎ ሊነከር ሲል አገሩ ሁሉ መካሪ ሆነ። የሃቫር ወንድም «በቀይ በግ ደም ካልሆነ አይጠናም» አለ፤ የወፍጮ ቤቱ ሽማግሌ «በቀይ ጠጉራም ልጅ ሽንት ነው እንጂ» አለ፤ ሁለቱ ተጣሉ፤ እስከ ዛሬ ቤተ ዘመዶቻቸው አይነጋገሩም። እነርሱ ሲጣሉ ቬስታር በዓሣ ዘይት ነክሮ ጨርሶ ነበር።

ከዚያ የኮመጠጠ አጓት አምጪ አለኝ። የተወለወለው ብረት እንደ ማንኛውም ብረት ብልጭ ከማለት በቀር ምንም አልነበረበትም፤ ክረምቱን ሙሉ ያየሁት ግምድ የት ገባ ብዬ ደነገጥኩ። በጨርቅ አጓቱን ቀባው፤ ጠበቀ፤ ደግሞ ቀባው። ጥቂት በጥቂት፣ ጥቁር ከነጭ እየተለየ፣ ሁለቱ እባቦች ከብረቱ ሆድ ወጡ። ቅርፊታቸው ይቆጠር ነበር። ሃቫር የወናፍ ቁስል ያለበትን እጁን አፉ ላይ ጫነ። እኔም ራንቬይግን ረስቼ ነበር፤ ለጥቂት ጊዜ ያህል።

መከራው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሃቫር ሰይፉን እንደ ጨቅላ ያዘው። ዝናብ ሲመጣ ካባውን ሰይፉ ላይ ጥሎ እርሱ ይበሰብሳል። እንግዳ ሲመጣ ያሳያል፤ ሊነኩት ሲሉ ይጮኻል። አንድ ጊዜ ቋንጣ ዓሣ ልቆርጥበት ብዬ በቀልድ ባነሣው ፊቱ አመድ መሰለ።

በዚያው ዓመት አንድ ዓሣ ነባሪ በእኛና በብሮዲ ድንበር ላይ ወጥቶ ሞተ። ብሮዲ «ራሱ እኔ ዘንድ ነው» አለ፤ ሃቫር «ጅራቱ እኔ ዘንድ ነው» አለ። ሸንጎ ተቀመጠ፤ ቃል ከረረ፤ ብሮዲ ሃቫርን «የወናፍ ባላባት» አለው። ሃቫርም በወጉ መሠረት ደሴቲቱ ላይ ወጥተው በሰይፍ እንዲለያዩ ጠራው። ቀኑ እስኪደርስ ዓሣ ነባሪው ሸተተ፤ ራሱንም ጅራቱንም ወፍ በላው። እንዲህም ሆኖ ሁለቱም «ነገሩ የክብር ነው» አሉ። ክብር ወፍ የማይበላው ነገር ነው።

በቀኑ አገሩ ሁሉ በጀልባ ወጣ። ስንቅ ይዞ የመጣም ነበር። ኦርም አራት ዓመቱ ነበር፤ ኤይቪንድ ጀርባዬ ላይ ነበር። ሁለቱ ሰዎች በተወሰነላቸው ክልል ውስጥ ገብተው ሰይፋቸውን መዘዙ፤ ሕዝቡም «ኧረ!» አለ። ዞሩ። ደግሞ ዞሩ። አንዱ ሰይፉን ሲያነሣ ሌላው የራሱን ወደ ኋላ ይሸሽጋል። ሁለቱ ብረቶች አንድ ጊዜ እንኳ አልተነካኩም።

«ምታ እንጂ!» ብሎ አንዱ ከዳር ጮኸ።

«እሱ ይጀምር» አለ ሃቫር።

«የጠራኸኝ አንተ ነህ፣ አንተ ጀምር» አለ ብሮዲ።

ጥቂት ዞሩና ብሮዲ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ስንት ዘንግ ነው ያንተ?» አለው።

«አራት።»

«አራት! የእኔ ሦስት ነው። ለመሆኑ ስለቱ ቢሸረፍ ቬስታር ያቃናዋል?»

«አይቃናም ብሎኛል። ግምዱ ይበላሻል።»

ይህን ጊዜ ካፊያ ጀመረ። ሃቫር ወደ ሰማይ አየ፤ ብሮዲም አየ።

«ብሮዲ፣ ሊዘንብ ነው።»

«አያለሁ።»

«ዝገት...»

«አውቃለሁ እኮ!»

ሁለቱም እኩል ወደ አንድ ቋጥኝ ሮጡ። ሕዝቡ በሰይፍ ሊመታቱ የሮጡ መስሎት ተከተለ፤ ሲደርስ ግን ጎን ለጎን ተቀምጠው ከአንድ ቀንድ የዓሣ ስብ እየወሰዱ ሰይፋቸውን ሲቀቡ አገኛቸው። ሃቫር ሁለቱን እባቦች በጣቱ እየተከተለ ያሳየዋል፤ ብሮዲ «እዚህ ጋ እንዴት ዞረ?» ይላል። ዝናቡ እስኪያባራ ድንበሩን በመሐል ተካፈሉት። ኦርም ልጄ፣ የአባትህ ድል ይኸው ነው።

«ታዲያ ማን አሸነፈ?» አለ ኦርም፤ ፊቱ ቀልቷል።

«ዝናቡ» አለ ብሮዲ።

ሰው ሁሉ ዓመት ሙሉ ሳቀብን። ከሳቁት ብዙዎቹ ስለ ክብራቸው ሲዋጉ ሞተዋል። ሃቫር ግን ጠጉሩ ሸብቶ በአልጋው ላይ ሞተ።

እንግዲህ ሰይፉን ለማን ልስጥ? አባ በርንዋርድ ትናንት፣ «ይቆረጥና ተካፈሉት በያቸው፤ እውነተኛ ወራሹ ይራራለታል፤ ያኔ ታውቂዋለሽ» ብለው መከሩኝ። ምክሩ ጥሩ መሰለኝና ዛሬ ጠዋት ልጆቼን ጠርቼ፣ «ቬስታር ከመሐሉ ይቁረጠው፤ እኩል እኩል ውሰዱ» አልኳቸው።

ኤይቪንድ አሰበ፤ «እሺ፣ ይቆረጥ» አለ።

ኦርምም «ይቆረጥ» አለ፤ «ግን የእጀታው ወገን የእኔ ነው።»

«ለምንድን ነው ያንተ የሚሆነው?»

«ታላቅ ነኛ!»

«ታላቅ ከሆንክ ጫፉን ውሰድ፤ ጫፉ ነው የሚዋጋው!»

በእጀታውና በጫፉ ተያያዙ። አባ በርንዋርድ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ቬስታር ምንም አልሰማም፤ ግን ሁለቱ ሰይፉን በእጅ ምልክት ሲከፋፍሉ አይቶ ገባው መሰለኝ፣ ተነሥቶ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ሰይፍ ፊት ቆመ። እስካሁንም አልተቀመጠም።

ስለዚህ ውሳኔዬ ይህ ነው። የሃቫርን ሰይፍ ከነአፎቱ ለጎረቤታችን ለብሮዲ ሰጥቻለሁ።

ኦርምና ኤይቪንድ ባንድ ቃል «ለሱ?!» ብለው ጮኹ። ከአባታቸው ሞት ወዲህ አንድ ነገር አብረው ሲሉ የሰማሁት ይህን ነው።

ብሮዲም ደነገጠ። «ኧረ ኢንግቮር፣ ምን በደልኩሽ?»

«አንተ አንዴ ሞተሃል፤ ሰይፍ አይጎዳህም» አልኩት።

እውነተኛውን ምክንያት ግን ይጻፉልኝ። ብሮዲ ባለ ሦስት ዘንግ ሰይፉን ለበኩር ልጁ ሰጠው። ልጁ ይህን የመሰለ ሰይፍ ታጥቄ እቤት አልቀመጥም ብሎ ወደ ባሕር ማዶ ሄደ፤ እርሱም አልተመለሰ፣ ሰይፉም አልተመለሰ። ራንቬይግ ከዚያ ዓመት አላለፈችም። ሃቫር እስኪሞት ድረስ ብሮዲ በየጊዜው እየመጣ ሰይፋችንን ያይ ነበር፤ ሁለቱ አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠው ያዩት ነበር። ኦርም ይህን ሰይፍ ይዞ ባሕር ማዶ ሊሄድ እንደሚያስብ አውቃለሁ፤ ቀዛፊ የሚሆኑ ሰዎችም ጠይቋል። ኤይቪንድም ባገኘው ወንድሙን ይፈራዋል፤ የፈራ ሰው ደግሞ ቀድሞ ይመታል። ሰይፉን ይዞ ሳይመታበት መቀመጥ የሚችል፣ በዚህ አገር በሕይወት ያለ ሰው ብሮዲ ብቻ ነው።

ልጆቼ ሰይፉን ማየት ሲያምራቸው ብሮዲ ቤት ይሂዱ። ሁለቱም አብረው ካልመጡ ግን ብሮዲ በሩን አይክፈት። ከብሮዲ በኋላ ለማን ይሁን? እርሱ ሲሞት የራሱን ራስ ምታት ራሱ ይናዘዝ።

ለቬስታር ስጦታ ምን ይሁንልህ ብዬ ጆሮው ላይ ጮኼ ጠይቄው ነበር። «እሜቴ፣ እርስዎ ክር ይዘው ይቀመጡ ነበር» አለኝ፤ ስጦታ አልጠየቀም። ሰምቶኝ ይሁን ሳይሰማኝ አላወቅሁም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ ለሰው ተናግሬው አላውቅም። በዚያ ቀን ወደ ደሴቲቱ ስሄድ ቅርጫቴ ውስጥ ነጭ የተልባ እግር ጨርቅ ይዤ ነበር፤ ለሃቫር መግነዣ። ማታውን ሠርቼ የጨረስኩት እኔው ነኝ። ስንመለስ ሰዉ ከዝናቡ ለመሸሽ ጀልባዎቹን ስለ ያዘብን ከራንቬይግ ጋር በአንድ ጀልባ ተሳፈርን። ባሎቻችን ከፊት ተቀምጠው ስለ ግምድ ያወራሉ። የራንቬይግ ቅርጫት ክዳን ተንሸራተተ፤ በውስጡ የእኔኑ የመሰለ ነጭ ጨርቅ ነበር። እርሷም የእኔን አየች። ጥቂት ቀዘፍን። ከዚያ ራንቬይግ፣ «ለልጆች ሸሚዝ ይሆናል» አለች።

«ይሆናል» አልኳት።

ሆነም። ኦርም፣ ኤይቪንድ፣ ሁለታችሁም ክርኑ እስኪቀደድ ለብሳችሁታል። አሁን የምላችሁ ሌላ የለኝም፤ ደከመኝ።

ይህ ከተጻፈ በኋላ እኔ ጸሐፊው፣ ከሟች የሚወርስ ሰው ምስክር ሊሆን አይችልም አልኩ። ብሮዲ ተነሣ፤ ተቀይሟል። ካድሊን አልጋ ወርሳለች፤ እኔ ራሴም ለቤተ ክርስቲያን ላም ተቀብያለሁ። ምንም ያልወረሰ ሰው ከቬስታር በቀር ከቤቱ ስለ ጠፋ፣ ከወደቡ ሁለት ቀዛፊዎች ተጠሩ። ኑዛዜው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነበበላቸው፤ ዓሣ ነባሪው ጋ ሲደርስ ሁለት ጊዜ አስደገሙት።

የተናዛዥዋ የኢንግቮር ምልክት፦ መስቀል፣ በገዛ እጇ።

ምስክር ብረት ቀጥቃጩ ቬስታር፦ መዶሻ ስሏል።

ምስክር ቀዛፊው ታንኒ፦ የዓሣ መንጠቆ ስሏል።

ምስክር ቀዛፊው ብራንድ፦ እርሱም መንጠቆ፤ ከታንኒ አይቶ።

ተቀባዩ ብሮዲ «እቀበላለሁ» ብሏል፤ ድምፁ ስላልተሰማ ሁለተኛ እንዲናገር ተጠይቆ፣ ሁለተኛም ብሏል።

ልጆቹ ኦርምና ኤይቪንድ ፈቃዳቸውን በምልክት እንዲያጸኑ ተጠየቁ። አንዱ ከሌላው በታች ለመፈረም እምቢ ስላሉ፣ ሁለቱም ባንድ ቦታ መስቀላቸውን አኖሩ። የትኛው የማን እንደሆነ እኔ ጸሐፊው ለይቼ ማወቅ አልቻልኩም።

በርንዋርድ፣ ካህን።